ክንዷ እስከደረሰበት

ዝናብ ሥራ በማይፈታባት በቺሎዌ ደሴት
ቀለም ቤት አለኝ፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት።
ሰው የሚመጣው ዝገት ወይ ሻጋታ ሲያስመርረው ነው፤
እኔም ስቀላቅል እውላለሁ፣ ሙያዬ ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ካፊያው በወንፊት እንደተነፋ ሲወርድ፣
ዶኛ ኤዱቪና ገባች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ አመድ።
የክብሪት ቀፎ ከፈተች፤ ውስጡ ጥፍር የምታህል
የግድግዳ ቅርፊት፣ ሰማያዊ... ሰማያዊ ልበል?
አንድ ጎኗ ባሕር ነው፣ አንድ ጎኗ ወተት።
«ይኼን ቀለም ስጠኝ፤ የዛሬውን አይደለም፣ የጥንቱን ማለት።»

«ምን ነካው?» አልኳት።
«በረኪና» አለች፤
ሦስት ቀን ታጥባ ያልለቀቃትን ጣቷን አሸተተች።

«ወጥ ቤቴ ጥግ ላይ፣ ከምድጃው ጀርባ፣
ሻጋታው ነጠብጣብ ሆኖ ሲገባ
ናቅሁት። ያኔ ጉንዳን ነበር።
ሰኔ ላይ መንጋ ሆነ፣ ሐምሌ ላይ አገር።
ልጄ ከፑዌርቶ ሞንት ደውላ "አፍሺበት" አለች፤
ጎረቤቴም እንዲሁ፤ በሰው ቤት ሁሉ አዋቂ ነች።
ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም፤ ጥሬውን ከጠርሙሱ
ስፖንጅ ነክሬ ፈተግሁት፣ እጄን እየነከሰኝ ጥርሱ።
ሻጋታው ሲሸሽ ደስ ብሎኝ፣ ቁጭ ብዬ ማቴ ጠጣሁ፤
ሲደርቅ ቀና ብዬ አየሁት፤ ለካስ እኔ ነኝ የነጣሁ።»

ባሏ ቤላርሚኖ ጀልባ ቀቢ ነበር፤ አሁን የለም።
«ግትሯ» የምትባል ጀልባ ቀብቶ የተረፈውን ቀለም
ወጥ ቤቷ ላይ ጨረሰው።
ጀልባዋን የገዛት ሰው ቀይ ቀባት። ቀሪው ያ ግድግዳ ነው።

እኔ ምን ልበላት? ነገሩን አውቃለሁ፤
በረኪና የበላው ስንት ግድግዳ አይቻለሁ።
ያንጸባርቅ የነበረው መጀመሪያ ወዙን ያጣል፣
ቀለሙን ያያያዘው ሙጫ ይላላል፣
በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል።
እንጨት ላይ ከሆነማ ማታለል ነው ሥራው፤
ጥቁሩን ያነጣና፣ ሥሩን ሳይነካው
ውሃውን ለሳንቃው ያጠጣዋል፤
ሻጋታ ውሃ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?
ሳይለቀልቅ ቀለም የደረበበትም አለ፤
በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ተላጠለት።
ከአሞኒያ ጋር የቀላቀለ እንደሆነ ደግሞ
የሚለቀው ቀለም አይደለም፤ ነፍስ ነው።

ይህን ሁሉ አላልኳትም።
«በውሃ ማቅጠን ነበር» አልኩ ብቻ።
«አሁን ይነገረኛል!» አለች።

ሦስት ጊዜ ቀላቀልኩ። አንደኛው ሙሽራ መሰለ፣
ሁለተኛው የሆስፒታል በር፤ ሦስተኛው ሊሆን ሲል ምን ጎደለ?
የሠላሳ ዓመት የምድጃ ጢስ።
እሱን በጣሳ የሚሸጥ የለም።

ቅዳሜ ሦስተኛውን ይዤ ቤቷ ሄድኩ፤
ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ።
ግድግዳውን አየሁት።
ከታች፣ ስፖንጇ የዞረበት፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ገርጥቷል፤
ከሱ በላይ የባሏ ሰማያዊ ቀስት ሠርቶ ቆሟል፤
ከዚያ በላይ ምንም የለም፤ ራቁት ሳንቃ፣ ሚስማር።
«ይኼስ?»
«መሰላል አይወድም ነበር።
"ክንዴ እስከደረሰ ይበቃል" አለኝ። ስንት ዓመት ተጣላሁት!»

ከግድግዳው ተጠግታ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤
ጣቷ የነጣው ጠርዝ ላይ አረፈ።
ከሷ ጠርዝ እስከ እሱ ጠርዝ
ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው።
ያቺን ስንዝር ተኩል ብዙ አየቻት፤
ምድጃው ላይ የተጣደው ውሃ ፈልቶ ገነፈለ፣
እኔ አወረድኩት።

«ብሩሽህን መልስ» አለች።

ነሐሴ ላይ ደወለች፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ከመስኮቱ ሥር።
«በሳሙና» አልኳት፣ «በለስላሳ ጨርቅ፤ መስኮቱንም ክፈቺው።»
«ዝናቡስ?»
«ይግባ።»

ጣሳው እኔ ዘንድ ነው፤ ገዢ ጠይቆት ነበር፣ ከለከልኩት።
ክዳኑ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት አለ፦
ኤዱቪና። የጥንቱ። በግምት።