ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ደረቅ

መስከረም ላይ ነበር ፍሬሙን ስገዛ፣
ሜዣ ወንዝ ሲሞላ፣ ቸርና ስትወዛ።
ብረት ነው፤ አሮጌ፤ ቀለሙ የደፈረሰ፣
የፊተኛው ባለቤት ስሙን በምስማር ጭሮ፣ መልሶ የደመሰሰ።
‹ኋላው ሞላ የለው?› አለች እህቴ ዳርያ፣ በእግሯ ገፋ አድርጋ፤
‹አርባ ሰባት ዓመት የያዝሽውን ወገብ ልትሰብሪ፣ ያውም በዋጋ?›
ዝም አልኩ። ያለ ሞላ መኖር ለእኔ አዲስ ነው እንዴ?
የመጋዝ ቤት ደሞዝ መቼ ሞልቶ ያውቃል፣ ለጀርባዬ ለሆዴ?

አንድ ደሞዝ፣ አንድ ዕቃ።
ጥቅምት መሪው መጣ፤ ኅዳር ላይ ማርሹና ካቴናው፤
ታኅሣሥ ፔዳል ብቻ፤ የቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ገንዘቡን በላው።
ጥር ላይ ሹካው ደረሰ። ፖስተኛው ካርቶኑን አቅፎ፣
‹ጠመንጃ ነው ወይ?› አለኝ፣ በረዶ ከጫማው አራግፎ።
‹ሞላ ነው፤› አልኩት። ‹ምኑ?› አለ። ‹ገና አልሞላም፤› አልኩ ስቄ፤
ገባሁ፣ እንደሰረቅሁት ነገር ደረቴ ላይ አጥብቄ።

ራይኮ ጎረቤቴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እርሳስ የቆፈረ፣
ፈንጂ ጆሮውን ወስዶበት፣ እጁ ብቻ የቀረ።
ቸርኬዎቹን የሠራው እሱ ነው፤
ራጂ በራጂ እየጎተተ፣ በአውራ ጣቱ እየነካካ፣
ድምፁን ሰምቶ አይደለም፤ ንዝረቱን በጥፍሩ እየለካ።
አንዷን ላላ፣ አንዷን ጠበቅ፤ ጎማ አልባው ክብ ሲዞር፣
‹አሁን ዝም አለ፤› ይለኛል። ስለ ዝምታ ከእሱ በላይ ማን ይመስክር!

የኮርቻው ዘንግ ልኩ አልነበረም፤ መልሼ ላክሁ።
ኩሽኔታውን በመዶሻ፣ በጸሎት፣ በስድብም ጭምር አስገባሁ።
የፍሬኑ ዘይት ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ፤ ምንጣፉ የእናቴ ነበር፤
ሶፋውን ገፋሁበት፤ እስከ ዛሬ ያልተነገረ ነገር።
የሹካው መመሪያ ‹ክብደትሽን አይተሽ አየር ሙይ› ይላል፤
አምስት ኪሎ ዋሸሁት፤ ስቀመጥበት ሰመጠ፤ ሹካ መች ይታለላል!

ሚያዝያ መጀመሪያ፣ እሑድ፣ ሁሉም ገጥሞ ሁሉም ጠብቆ፣
ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ብሎን ቀረ፣ እንደ ዓይን አብረቅርቆ።
ፍሬሙን ዞርኩት፤ ፈተሽኩ፤ ቀዳዳው ሁሉ ሞልቷል።
ታዲያ ይህ የማን ነው? የጎደለው የቱ አካል?

ወጣሁ።
በጫካው መንገድ፣ ግንድ የጫኑ መኪኖች በሚወጡበት፣
ጥዱ ሥር በረዶ ገና ባልለቀቀበት።
መጀመሪያው ዳገት ላይ ካቴናው ወለቀ፤ እጄ ጠቆረ፤
ሁለተኛው ላይ ልቤ፤ እሱም ሊወልቅ ነበር፤ ግን ቀረ።
ጫፍ ላይ ቆምኩ። ፔጻ ተራራ ከነበረዶው ቁጭ ብሎ፣
የድሮው ማዕድን የአፈር ክምር ከሥሩ፣ ሣር አብቅሎ።

ከዚያ ቁልቁለቱ።
አዲስ ፍሬን ገና አይነክስም፤ ማንም አልነገረኝ ያኔ፤
ያዝኩት፤ ጮኸ እንጂ አልቆመም፤ አጀብኩት በጩኸት እኔ።
ሥሩ መጣ፤ ድንጋዩ መጣ፤ ሹካው ዋጠ፣ ሹካው ማረ፣
ጎንበስ ቀና እያለ አሳለፈ፣ እንደ ሽማግሌ መከረ።
ኋላው ግን!
ኋላው ምንም አይረሳም። እያንዳንዱን ጠጠር ቆጥሮ፣
ተረከዜን መታ፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ በጥርሴ ውስጥ ተናግሮ፤
‹እዚህ ሥር ነበር፤ እዚህ ጉድጓድ፤ አየሽ? ሰማሽ?
ፊቴ ያባብልሽ፤ እኔ ግን ልንገርሽ።›

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ወደቅን፤ ማን ከላይ፣ ማን ከታች፣
ምስክራችን አንዲት ቀንድ አውጣ ናት፤ እሷም ዝም አለች።
ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት ክርኔን አልነበረም፣ ቀለሙን፤
ረጅም ጭረት፣ እስከ ብረቱ። እፎይ አልኩ፤ አራገፈ አዲስነቱን።

ማታ ራይኮ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ጭቃዬን አይቶ ምንም አላለም፤
ቸርኬውን አዞረ፣ አውራ ጣቱን አስጠጋ፤ አልጎበጠም።
‹ኋላውስ?› አለኝ በጩኸት፣ መጮኹን እንደማያውቅ ሰው።
‹ይናገራል!› ብዬ ጮህኩ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማው።

ብሎኑ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጨው ዕቃው ጎን፤ አልጣልኩትም።
እሑድ እሑድ ኪሴ ከትቼው እወጣለሁ። ማን እንደጎደለው አላውቅም።