ናሙና ሠላሳ አንድ

ከብርቱካን ማሳ ፎቅ በበቀለበት፣
ሬሖቮት ከተማ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
ሁሉም ወጥቶ ሄዷል። ቀርተናል ብቻችን
እኔና ማይክሮስኮፕ፣
አንዲት ቁራጭ ሥጋ አስተኝተን ከፊታችን።
«ቁጥር ሠላሳ አንድ»፤ ስም የላትም ሌላ፤
የማን ጭን እንደሆነች አይነገርም ኋላ።
ሕጉ ነው።

ከምስር ታንሳለች። በሐምራዊ ቀለም
ነክሬ ሳያት ግን
እንዲህ ያለ ሸማ የትም አገር የለም፤
ክር ከክር ጎን ለጎን፣ ተጠግቶ የቆመ፣
እያንዳንዱ በስስ ሽፋን ለብቻው የታተመ።
እቆጥራለሁ።
መቶ አርባ። መቶ አርባ አንድ። ዓይኔ ይደክማል፤
አንዱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ያስፈራኛል።

ወንድሜ ታድሎ፣ በመታወቂያው ኤልዓድ
(ጸሐፊዋ ቸኩላ ነው የጻፈችው፣
ሳትጠይቅ እናት፣ ሳትጠይቅ ዘመድ)፣
ብረት ያነሣል ቂርያት ሞሼ፣ ከፎቃችን ሥር፣
መጠለያው ውስጥ፤ ሳይረን በማይጮህ ቀን
ጂም ነው የሚባል በሰፈር።
ክንዱ ግንድ ሆኗል። አንገቱ ሸሚዝ አጣ።
ከቦርሳው፣ ከካልሲ መካከል፣
ብልቃጥ አየሁት ሲያወጣ።
ዝም አልኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ፣
«አንቺ» አለኝ እየሣቀ፣ «የሰው ጉድ በመስታወት የምታይ፣
እስቲ በይ ንገሪኝ፤ ይሄ የምወጋው
አዲስ ክር ይወልዳል?
ወይስ የነበረውን ነው የሚያወፍረው?
አንዱ ልጅ ማለልኝ፣ ይወልዳል እያለ፤
አንዱ ደግሞ፣ ሞኝ!
ስትወለድ ያልነበረ ጡንቻ የት አለ?»

ምን ልበለው?
አይጥ ላይ ታይቷል፤ ወፍ ላይ ተጽፏል፤
ሰው ላይ ሲደርስ ግን
ወረቀቱ ሁሉ «ምናልባት» ይላል።
ክሩ መወፈሩን አልክድም። ከዳር የተኙ ሕዋሳት
ነቅተው ይቀልጡበታል፣ ፍሬያቸውን ይሰጡታል፤
የጎመን ዘር ይመስላሉ፣ ጥቁር ነጥብ፣ ለሚያያት።
መርፌው ቢቆም እንኳ፣ ክንዱ ቢኮሰምን፣
ነጥቦቹ ይቆያሉ ይባላል፤
ለምን ይመሰክሩ ይሆን?
አዲስ ክር ግን…
«እንጃ» አልኩት።
«ይሄን ሁሉ ተምረሽ!» አለኝ።

ሸማኔ ነበረ አባታችን ክንዴ፤
እዚህ ግን ሃያ ዓመት ከሱቅ በር ላይ ቆሞ
ቦርሳ ፈተሸ፣ የገዢና ነጋዴ።
ክንዱ ቀሰም አክሏል፤ ቆዳው ይንቀዋለላል፤
ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ ግን ቀኝ እጁ፣ ብቻውን፣
መወርወሪያ ይወረውራል።

ያለፈው ሰኞ ሳይረን ጮኸ። ሊፍት አይታሰብም፤
አራተኛ ፎቅ ነን፤
አባቴ ደረጃ በልምምጥ እንጂ በችኮላ አይወርድም።
ታድሎ አጎነበሰ። ሽማግሌው አንገቱን አቀፈ።
እኔ ከኋላቸው፣ ያባቴን አንድ ጫማ ይዤ፤
ሕንፃው በሰው እግር ተርገፈገፈ።
ታች፣ ከብረቱ መሐል፣ ጎረቤት ተኮልኩሏል፤
የሞሮኮዋ አሮጊት ደረት መግፊያው ላይ ተቀምጣለች፤
ሕፃን ከሃምሳ ኪሎ ጋር ይታገላል።
አባቴ ከጀርባው አልወረደም። የልጁን ትከሻ ዳሰሰ፤
አውራ ጣቱ፣ ሸማ እንደሚመርጥ ሰው፣
ወደ ታች ሄደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ።
«ድሩ» አለ «የኔ ነው። ቆጥሬ ነው የሰጠሁህ።
ወፍራም ማግ አስገባህ እንጂ፣ አንዲት ፈትል አልጨመርህ።
ከተደወረ በኋላ ድር አይጨመርም፣ ልጄ፤
ይበጠሳል እንጂ።
ስንቱን አይቻለሁ በእጄ።»
ታድሎ ሣቀ። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፤ ላብ መሰለኝ ቢያንስ።
ከሩቅ ጓ! አለ። አቧራ ከጣራው
ወረደ በብረቶቹ ላይ፣ ቀስ።

ሸማኔ ሐኪም አይደለም። አውቃለሁ። ግን ዛሬ፣ ሠላሳ አንድ ላይ፣
በሁለት ወፋፍራም ክሮች መሐል
አንዲት ቀጭን፣ ጠብታ የምታህል፣ ደጋግሜ ሳይ፣
ካንዱ ተሰንጥቃ ነው? ወይስ አሁን የተወለደች ናት?
ወይስ እኔ ነኝ፣ በእንቅልፍ ዓይኔ፣ የፈጠርኳት?
ታድሎ ባለፈው ወር ጭኑ ላይ ፕላስተር ነበረው፤
«ወደቅኩ» አለ።
አልጠየቅኩም። አሁንስ ምን ብዬ ልጠይቀው?

በመዝገቡ ዓምድ፣ «አዲስ» ከሚለው ሥር፣
አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፤
ላጲሱም ሩቅ አልነበር።