የመጥፋት ሂሳብ

ዝናብ ሲጥል ባጃጄን ከጣራው ጥግ አቆማለሁ፤
ከሙዘይን ጌም ቤት ገብቼ የዳር ወንበር እይዛለሁ።
ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይማማላሉ፤
«ገባች!» «አልገባችም!» ብለው አግዳሚውን ይነቀንቃሉ።

«አንተ ይሄን ሞክር» አለኝ፣ «ታሪክ ነው፣ ሰው አትገድልም፤
ቀስ ብለህ መዞር ብቻ ነው፣ ማንም አያሳድድህም።»
እውነቱን ነው።
ማንም የለም።

አንድ ደሴት። ባዶ ቤት። በሩ ገርበብ ያለ።
ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ፣ ግማሹ የተቃጠለ።
መሳቢያ ሳብኩ፤ ባዶ። ሁለተኛውን፤ መቀስ።
መቀሱን ማንሳት አይቻልም፣
ማየት ነው እንጂ ቀስ በቀስ።
ፎቅ ወጣሁ፣ ፎቅ ወረድኩ፤ ያው ምንጣፍ፣ ያው ሰዓት።
ከባህሩ ዳር ደረስኩ። ማዕበሉ ያምራል፣ አልክድም፤
ግን ማዕበል ለማየት ብዬ ሃያ ጊዜ አልመላለስም!

ወይ ቀስት የለው፣ ወይ ካርታ፣ ወይ «በዚህ ግባ» የሚል ሰው፤
ይሄን የሠራው ሰውዬ ምን በድዬው ነው? ምን ላድርገው?
«ተረት ተረት» ብሎ ጀምሮ፣ «የላም በረት» ሳንል ገና
እንቅልፍ እንደሚጥለው አጎቴ፣ ጥሎኝ ተኛ ከጎዳና።

እኔኮ መንገድ ሥራዬ ነው!
ከአጂፕ እስከ ኮቺ፣ ከመርካቶ እስከ ቦሳ፣
ጉድጓዱን በስም እጠራለሁ፣ አንዱን እንኳን ሳልረሳ።
ጅማ ላይ ሰው ብትጠይቅ «ሲኒማ የነበረው ጋ» ይልሃል፤
ሲኒማው የለም።
«ዋርካው ጋ» ይልሃል፤ ዋርካው ከተቆረጠ ስንት ዓመቱ፤
ቢሆንም ትደርሳለህ፤
የጠፋ ነገር ሁሉ ምልክት ነው ለቤቱ።

«ሙዘይን፣ አሁን ምን ላድርግ?»
«ፈልግ» ይላል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።
«ምኑን?»
«እሱን ነዋ የምትፈልገው።»

ሰዓቴ አለቀ። ሠላሳ ብር ከፍዬ ጠፋሁ፤
ቤንዚን ያለቀብኝ ቀን እንኳ እንዲህ መቼ ተከፋሁ?

ውጪ አባርቷል። አንድ ሰው ባጃጄን ተደግፎ ቆሟል፣
ጆንያ ይዟል፣ ከታርጫ መጥቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጨቅይቷል።
አንጁሎ እባላለሁ አለኝ። ወንድሙን ነው የሚፈልግ።
ስልኩ ዝግ። ወረቀቱ ላይ «ከወፍጮው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር»፣
ሌላ ምንም።
የትኛው ወፍጮ? አያውቅም።
ሰፈሩስ? አያውቅም።
ሳቄ መጣ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ኪቶ ሄድን፤ ወፍጮው ተዘግቷል።
መንደራ፤ በሩ አረንጓዴ።
ጂሬን መውጫ፤ ሰማያዊ ነው፣ ግን ውሻ እንጂ ሰው አልወጣም።
ባለሱቁ ወደ ሊስትሮው፣ ሊስትሮው ወደ ዘበኛው፣
ዘበኛው ደግሞ ጃንጥላውን ዘርግቶ እስከ መታጠፊያው ሸኘን፤
«እኔም እንግዳ ነኝ» ብሎ መጨረሻ ላይ ነገረን።
አዌቱን ሁለቴ ተሻገርን።
አልተናደድኩም። ይገርማል።
ሂሳቡንም አልቆጠርኩም።

ሲመሽ አንድ በር ፊት ቆምን። በባጃጅ መብራት
ሰማያዊም ይመስላል፣ ግራጫም።
አንጁሎ ጆንያውን አቅፎ ቀረ፤
ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

ጭጭ።

የደሴቱ ቤት መጣብኝ፣ ያ መቀስ፣ ያ ምንጣፍ።
ልንመለስ ስንል
የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ሰው ከውስጥ ሳለ፤

«ማነው?» አለ።