ቆመ

ፍራንኮ፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ መብራት ድንገት ጠፋ፤
ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ሰጋቱራውን እንደ ዱቄት ሲነፋ።
እኔ መላጊያዬን ጣልኩ፣ ልሳነወርቅ ብየዳውን፤
ተቀመጥን ጎን ለጎን፣ እየረገምን መብራት ኃይልን።

ሴሚናሪ ገብቶ ነበር፤ ሳይጨርስ ወጣ።
ዛሬ የባጃጅ ሻሲ ይበይዳል፤ ጨለማ ሲመጣ ግን
ያ የድሮ ደብተሩ በአፉ ይገለጣል፤
«የጥንት መነኮሳት» ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
«ምክንያትን ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም፤
ከእሳት፣ ከዱላ፣ ከቤት ዕቃ አልወጡም።»

መጥረጊያ አነሳ። በሞባይሌ ብርሃን
በእንጨቱ ጫፍ አንድ የቢራ ቆርኪ ገፋ፤
ሄደ፣ ሲሚንቶውን እየቧጨረ።
«እጅ እንጨቱን፣ እንጨት ቆርኪውን።
እጄ ሲቆም፣ ይኸው፣ እሱም ቆሞ ቀረ።
አንዱ ዓይነት ይህ ነው፤ ሰጪው ሲሰበስብ እጁን
የተሰጠው አብሮ የሚያልቅ። አታየውም አምፖሉን?»

«ሁለተኛውስ?»
ቶሎ አልመለሰም። የተቀመጠበትን በርጩማ መታ መታ አደረገው፤
ዋንዛ ነው፣ ሚስማር አያውቅም፣ አባቴ ጉደታ ነው የጠረበው።
«ሠሪው ካረፈ ስንት ዓመቱ?»
«ዘጠኝ።»
«ይኸው፣ ቆሟል። እኔን ተሸክሞ።»

ቀዘቀዝኩ።
ዘጠኝ ዓመት ራሴን የታዘብኩት በዚሁ ነበር፣ በመቆሜ፤
በቀብሩ ማግስት ጠግቤ በመብላቴ፣
በሠልስቱ በሰው ቀልድ በመሳቄ፣
ደንበኛ ሲመጣ ዋጋ በመከራከሬ።
ቃላችን ሁለት ፊት አለው፤
ቆርኪው ቆመ፦ አለቀ። በርጩማው ቆመ፦ ጸና።
እኔ የቆምኩት በየትኛው ነው?

ወሬ ለማስለወጥ ያህል፣
«አምፖሉንስ ማን ያበራዋል?» አልኩት።
«ሽቦው።»
«ሽቦውን?»
«ኮረብታው ላይ የሚዞሩት ነጫጭ ክንፎች።»
«ክንፎቹን?»
«ነፋሱ፤ ይሄው ቆርቆሯችንን የሚደበድበው።»
«ነፋሱንስ?»
ልሳነወርቅ ቀና አለ። ከንፈሩ ሊከፈት ሲል
ከአጥሩ ማዶ የአከራያችን የወይዘሮ ዘቢደር ድምፅ፦
«ቆጣሪውን የዘጋሁት እኔ ነኝ! ሦስት ወር ሙሉ ሳትከፍሉ!»

እስኪያስለን ሳቅን። ኪሳችንን አራገፍን፣
ግማሹን ለነገ ማልን፤
መብራት መጣ።

መላጊያዬን አነሳሁ። አውራ ጣቴ፣ ሳላዘው፣
ከእጀታው ጎን ተጣመመ፣ አባቴ እንደሚይዘው።
ቀጭን ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ።
ይህስ ከየትኛው ወገን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤
እሱም መነጽሩን ደፍቶ ብየዳው ላይ ነበር።
ቆርኪው እዚያው ሲሚንቶው ላይ
ቆሟል።