የብልቃጥ አጣቢዋ ቃል

ከአቃቂ ማዶ፣ ገላን፣ ታክሲው እስኪሞላ፣
ወሬ ነው ቀድሞ ሚሳፈር፣ ሰው የሚገባው ኋላ።
"ሰማችሁ?" ይላል ረዳቱ፣ በሩን እንደያዘ፣
"ያ መምህር ሂርጶ እኮ፣ አብሾ ጠጥቶ ፈዘዘ፤
ሦስት ቀን ሲቃዥ ከርሞ፣
ወንዙ በሰው አፍ አናግሮት፣ ምሥጢሩን ተናዘዘ።"

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ መነጽር ያጠለቀ፣
"ምን ይገርማል?" አለና እንደ አዋቂ ሳቀ።
"የፈረንጁስ ሊቅ ቢሆን፣ በጤናው ይመስልሃል ያወቀ?
ያን ጥምዝምዝ የዘር መሰላል፣
በጠብታ ሰክሮ ነው አሉ፣ እስከ ጫፉ የዘለቀ።"
"ማን አለ?" ቢሉት፣ "አሉ" አለ።
አሉ እናት የላትም፣ አሉ አባት የላትም፤
ከገላን እስከ ቃሊቲ ግን ሒሳብ ከፍላ አታውቅም።

እኔ ዝም።
እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁ።
ብልቃጥ አጣቢ ነኝ፣ የዚያው ትምህርት ቤት፤
ስሜ ማንጠግቦሽ ነው፣
በደመወዝ መዝገቡ ከ"ልዩ ልዩ ወጪ" በታች ያለሁት።

የቆዳ ፋብሪካው ውሃ ጠዋት ሰማያዊ፣ ማታ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤
ጎመን ያጠጡበታል፤ ጎመኑም ይበላል።
ሂርጶ ያን ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ መጣ።
አጥንት አሳረረ፣ ሸክላ ወቀጠ፣ አሸዋ ነፋ።
ያጠልላል፣ ይጽፋል፣ ይደፋል።
ያጠልላል። ይደፋል።
አራት ዓመት።
ስድስት መቶ አሥራ አንድ ብልቃጥ አጥቤለታለሁ፤
ቁጥሩን እሱ በደብተሩ፣ እኔ በጥፍሬ አውቀዋለሁ።
አራት መቶ ሠላሳው ላይ ሚስቱ ጥላው ሄደች፤
አምስት መቶ ሁለቱ ላይ መብራት ጠፍቶ፣
ባትሪዋ እስክትሞት ስልኬ አበራችለት።
ይሄን ማን ያወራል? ታክሲ ውስጥ አይጥምም፤
እርጥብ ጨርቅ ተረት አይሆን፣ ሳሙና አያሰክርም።

የእህቴ ልጅ ፈንታሁን ግን ወሬውን አመነ፤
አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ፈተናው ሳምንት ሆነ።
ከቆሻሻው ገንዳ ጀርባ፣ መለከት መሳይ አበባ፣
አስተናግር በቅላለች፤ ቀጠፋት፣ ደብቆ ገባ።
ሁለት ሌሊት ከግድግዳው ጋር ሲከራከር ነጋ፣
የሌለ ክር ከጣቱ ሲመዝ፣ ውሃ ሲሰጡት ሲሰጋ።
ሐኪሙ "ምን አየህ?" አለው። "ሁሉን" አለ።
"በል ጻፈው" አለው።
ወረቀቱ ላይ የተገኘው
አንድ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣
ዳር ላይ የምራቅ ጠብታ።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ሂርጶ ዘንድ ሄድኩ፣
"ስለምን አታስተባብልም?" ብዬ ጮኽኩ።
ደብተሩን ሳይዘጋ ቀና አለ።
"ምን ልበል? በሕልሜ እኮ ነው ያየሁት፤
አጥንቱ ከላይ፣ ሸክላው ከሥር፣
አራት ዓመት ሙሉ ገልብጬ የደረደርኩት።
ከየት መጣ ብትይኝ፣ አላውቅም።
አላውቅም ማለት ደግሞ ለሰው አይበቃውም፤
ባዶ ቦታ ስተውላቸው፣ በአብሾ ሞሉት።"

ጉልበቴ ከዳኝ።
ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ያጠብኩት፣ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው?
ልወጣ በሩን ስይዝ፣
"ማንጠግቦሽ" አለኝ፣
"በሕልሜ ውስጥ፣ ብልቃጡ ንጹሕ ነበር።"

ትናንት ደግሞ ታክሲ ውስጥ፣ ያው ረዳት፣ ያው ወሬ፤
አሁንስ አብሾው ላይ ዘንዶ ተጨምሮበታል።
"እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እናት?" አለኝ።
ከሳሙናና ከአሲድ የተረፈ እጄን
ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ፤
ሒሳቤን ከፈልኩ።