አራት ጣት

ደቻቱ ደርቋል፤ ዶዘሩ አሸዋው ላይ ቆሟል፣
ካቴናው ረግቦ ሆዱን ጥሏል።
አብዶሽ ቀጥ ያለ ብረት ከላይ አጋደመና
«ልኩ አራት ጣት ነው» አለ፣ እጁን አየና።
የሱ ቀኝ ሦስት ነው፤ አራተኛዋን ድሮ
ኤረር ጣቢያ ትቷታል፣ ከሐዲዱ ጥግ ቀብሮ።

«ወሪያ፣ ያንተን አምጣ!»
አራቴን ሰደድኩ፤ ሁለት ደረበ፣ ቦታም አልታጣ።

ሮብሌ ግራሶውን ገፋ፣ ገፋ፣ እስኪያልበው፤
ሰንሰለቱ እያቃሰተ ሽቅብ መጥቶ እጃችንን ሲነካው
አንዷን ጣቱን አወጣ። ቆይቶ ሁለተኛዋን።
«በቃ! አሸዋው ራሱ ያጠብቃል ቀሪውን።»

ደንገጎ ላይ ጠቁሯል። ውሃው ሳይደርስ የሚዛቅ ገና ብዙ አለ።
የኔን እጅ ግን እዚያው ያዘው፤
«ቆይ፣ ይልመደው» አለ።