መንግሥት እና አንዲት አሮጌ ፎርድ

መጣሁ ልጠይቅሽ፣ በሁለት አውቶቡስ፣
ከሐብሐቡ እርሻ እስከዚህ ድረስ።
ጠባቂው ያውቀኛል፤ ሲያየኝ ፈገግ ይላል፣
ሰዓቱን ጠቁሞ ፊቱን ያዞራል።

ጎማሽ ሟሽሿል፤ ሣር በቀለ ከሥርሽ፤
በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉ በግንባርሽ፣
ጨረታ እንደሚወጣ፣ እንደሚሸጥ ከብት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስም እያለሽ ከቤት።
ነፍሱን ይማረውና ፊደንሲዮ፣ «ግትሯ!» እያለ፣
በብርድ አልነሣ ስትዪው ስንቴ በእናቱ ማለ።

ራሚሮ የእህቴ ልጅ፣ ያ ምላሰ ቅቤ፣
«አክስቴ፣ ለግማሽ ቀን!» ቢለኝ ራራ ልቤ፤
ቁልፍሽን ሰጠሁት፣ ፍሪጅ ሊያመጣ፣
ከማታሞሮስ ገዝቶ በድልድዩ ሊወጣ።
ለካ በበርሽ ሆድ አሥራ አንድ በቀቀን
በካልሲ ጠቅልሎ ሸሽጓል የዚያን ቀን።
ፈታሹ በርሽን መታ አደረገና፣
ጆሮውን ቢለጥፍ፣ በሩ ተንጫጫና፣
ሁሉም ነገር አበቃ።

በቀቀኖቹን ሐኪም አያቸው፣
የአራዊት መኖሪያው ሰፊ ቤት ሰጣቸው።
ራሚሮ ጥፋቱን አመነ፣ ሦስት ወር ተቀጣ፣
ከፋሲካ በፊት ፂሙን ተላጭቶ ወጣ።
አንቺ ግን ይኸው አለሽ።
ዳውላውን ፈትተው አህያዋን አሰሩ።

ወረቀት መጣልኝ፣ ማኅተም ያለበት፤
«ከሳሽ፦ መንግሥት» ይላል፤ ዝቅ ብሎ የተጻፈበት
«ተከሳሽ፦ አንዲት አሮጌ ፎርድ፣ ቀለሟ ሰማያዊ።»
እኔ የለሁበትም፤ ራሚሮም አልተጻፈም፤
ቤንዚን እንጂ ሐሳብ በሆድሽ ገብቶ አያውቅም፤
ግን ተከሳሿ አንቺ ነሽ።

ጠበቃ ይቁምላት ብዬ መስኮቱ ጋ ብሄድ፣
«ለድሃ ሰው ከሆነ፣ መንግሥት ያቆማል በግድ፤
ዕቃ ግን ድሃ አይባልም» አለችኝ ጸሐፊዋ፣
ቀና እንኳ ሳትል ከጽሕፈት ሥራዋ።
ዕቃ ድሃ ካልተባለ፣ ወንጀለኛስ ማን አለው?

ልከራከር ብል፣ ከግምትሽ ከመቶ አሥር አስይዢ፤
ቀጥሎም አለማወቅሽን አስረጂ፣ ማስረጃ ያዢ።
አለማወቄን ከየት ላምጣው? የት አኖርኩት?
በየትኛው ኪሴ፣ በየትኛው መሳቢያ ቆለፍኩት?
ያላየሁትን አለማየቴን ማን አየልኝ?

ግምትሽን ሰማሁ፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር።
መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ማንም ላንቺ ይህን ያህል ሰጥቶ አያውቅም ነበር።
ከዚያ ወንበርሽ ትዝ አለኝ፣ የእሱ ጀርባ ያጎደጎደው።
እሱንስ ማን ገመተው?

ዜጋ ነኝ እኮ፤ እዚሁ ወንዝ ዳር ተወለድኩ፣
ግብሬን ከፈልኩ፣ ተሰልፌ መረጥኩ።
ልጅ ሳለን መምህራችን አቁማ ታስጠናን ነበር፦
«ያለ ሕግ አግባብ ማንም ንብረቱን አይነጠቅም፤»
አንድ ቃል ስንስት በማስመሪያ ትመታን ነበር።
ዛሬም አልሳትኩም።
የሳተው ሌላ ነው።

ማክሰኞ ነው ቀጠሮሽ። በዚያ በረጅም ቁጥርሽ
ይጠሩሻል። አንቺ እዚህ ፀሐይ ላይ ተገትረሽ
በየት አፍሽ ትመልሺ? ጥሩምባሽም ዘግቷል፤
ባትሪሽ ከሞተ ሰንብቷል።
እኔ ግን እነሣለሁ፣
የቀብሩ ዕለት ያደረግኋትን ጥቁር ጫማ ተጫምቼ፤
«አቤት!» እላለሁ፣
አንድ ጊዜ፣ አለሁ ለማለት።
ሁለተኛውን «አቤት!»
ዳኛው ይወቀው።